ማገዶና አጥር፤ እንደ ሥራ ያልተቆጠሩ ሥራዎች

ከደጀን ተነስቶ በሉማሜ በኩል ወደ ደብረ ማርቆስ የሚጓዝ ሰው አምበር ሲደርስ በመንገዱ ግራና ቀኝ ሁለት ነገሮችን ሳያይ አያልፍም። አንደኛው የጤፍና የስንዴ ማሳ ሲሆን ሁለተኛው በማሳው ዳር፣ በጓሮውና በቦረቦሩ አፋፍ የቆመው ባሕር ዛፍ ነው። ስለ መጀመሪያው ብዙ ይባላል። ምርጥ ዘሩ፣ ማዳበሪያውና በመስመር መዝራቱ በየስብሰባው ይነሳል፤ የልማት ሠራተኛውም በየጊዜው ይከታተለዋል። ሁለተኛው ግን የሚታወሰው ልጅ ሲዳር፣ የማዳበሪያ ዕዳ ሲመጣ ወይም የቤት ክዳን ቆርቆሮ ሲያስፈልግ ነው። የክፉ ቀን ገንዘብ ተደርጎ ስለሚቆጠር ዋጋውም የሚወሰነው በክፉ ቀን፣ ሻጩ በቸኮለበት ሰዓት ነው።

የአነደድ ወረዳና የአካባቢው አርሶ አደር ባሕር ዛፍ መትከልን ከማንም በላይ ያውቅበታል። ዛፉ ወደ አገራችን የገባው በ1880ዎቹ መጨረሻ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነበር። ያኔ አዲስ አበባ የማገዶ እጥረት ገጥሟት ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም የማዛወር ሐሳብ እስከ መነሳት ደርሶ ነበር። ከተማዋን በቦታዋ ካጸኗት ምክንያቶች አንዱ ይህ ፈጥኖ የሚያድግ ዛፍ ነው። ከመቶ ሠላሳ ዓመት በኋላም የብዙው ኢትዮጵያዊ ምግብ የሚበስለው በእንጨት፣ በከሰልና በኩበት ነው። ገበያው ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አልጠፋም። የጠፋው ማገዶን ከመትከል እስከ ማድረስ እንደ አንድ ሙያ ይዞ የሚሠራው ሰው ነው።

በአሁኑ አሠራር አብዛኛው ባለ ባሕር ዛፍ የሚሸጠው በቁሙ ነው። ደላላው መጥቶ ማሳውን ዞሮ ያያል፣ በዓይኑ ይገምታል፣ ዋጋ ይጠራል። ገዢው በሥራው ብዙ ማሳ ስላየ የሚገዛውን ያውቃል፤ ሻጩ ግን ብዙ ጊዜ ስንት ዛፍ እንዳለው እንኳን አልቆጠረም። አንድ ቃዳ፣ ማለትም ሩብ ሄክታር መሬት፣ በአንድ ሜትር ርቀት ቢተከል 2 ሺህ 500 ዛፍ ይይዛል። ችግኙ በግማሽ ሜትር ርቀት ከተጠጋጋ ቁጥሩ 10 ሺህ ይደርሳል። ከዚህ ውስጥ ለቋሚ የሚሆነው፣ ለወራጅ የሚሆነውና ለማገር የሚሆነው ዋጋው አንድ አይደለም። ጫፉ፣ ቅርንጫፉና ጠማማው ደግሞ ማገዶ ነው። ሻጩ ይህን ለይቶ ሳይቆጥር በጅምላ ሲሸጥ ቋሚውን በማገር ዋጋ፣ ማገዶውን ደግሞ በነጻ ሰጠ ማለት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው እርምጃ ከመደራደር በፊት መቁጠርና መለየት ነው፤ ይህ ደግሞ ገንዘብ የማያስወጣ፣ የአንድ ቀን ሥራ ብቻ ነው።

ሁለተኛው እርምጃ ማድረቅ ነው። ገና የተቆረጠ እንጨት ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውኃ ነው። 100 ኪሎ ግራም እርጥብ እንጨት የእርጥበት መጠኑ ወደ 20 በመቶ ሲወርድ ክብደቱ 62 ኪሎ ተኩል ገደማ ይሆናል። በሌላ አነጋገር ትኩስ እንጨት በአህያ ወይም በመኪና ጭኖ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚወስድ ሰው ከየመቶው ኪሎ 37 ኪሎ ተኩል ያህሉን የኪራይ ዋጋ የሚከፍለው ለውኃ ነው። ገዢዋም እሳት ስታነድ መጀመሪያ የሚጠፋው ሙቀት ያንን ውኃ ለማትነን ነው፤ ምጣዱ ሳይግል ቤቱ በጭስ ይሞላል።

ማድረቅ ትልቅ ጥበብ አይጠይቅም። እንጨቱን መቁረጥ፣ በክረምት ሳይሆን በበጋ መፍለጥ፣ ከመሬት ከፍ ባለ ረድፍ ነፋስ እንዲገባው አድርጎ መደርደር፣ ከላይ ብቻ ክዳን ማድረግ ይበቃል። ዙሪያውን በላስቲክ መሸፈን ግን እርጥበቱን አፍኖ ያሻግተዋል። በጥቅምትና በኅዳር የተፈለጠው የበጋውን ፀሐይና ንፋስ ጠጥቶ ክረምት ሲገባ፣ ደረቅ እንጨት ሲጠፋና ዋጋው ሲወደድ ለገበያ ይደርሳል። ለዚህ የሚያስፈልገው ዋና ካፒታል ጥቂት ወራት መታገስ ነው፤ ዛሬ ግን ያ ትዕግሥት የሚያስገኘው ትርፍ የአርሶ አደሩ ሳይሆን መጋዘን ያለው ነጋዴ ነው።

ይህ የድሃ አገር ጣጣ ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ ከግንቦት 2021 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከሁለት ሜትር ኩብ በታች ተመጥኖ የሚሸጥ ማገዶ የእርጥበት መጠኑ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ በደንብ ተደንግጓል። ምክንያቱ የአየር ብክለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በቤት ውስጥ ጭስ ሳቢያ በ2020 (እ.ኤ.አ.) 3 ነጥብ 2 ሚሊዮን ሰዎች እንደሞቱ ይገምታል። ከምድጃው አጠገብ የሚውሉት እናቶችና ሕፃናት መሆናቸውን ለጎጃም አንባቢ መንገር አያሻም። አምበር ላይ እንዲህ ያለ ደንብ ይውጣ ማለት አይቻልም። ነገር ግን “ደረቅ ማገዶ” የሚል ስም ያተረፈ፣ በዓይን ግምት ሳይሆን በሜትር ደርድሮ የሚሸጥ ማኅበር ቢኖር የደንቡን ግማሽ ሥራ ገበያው ራሱ ይሠራው ነበር። የተደረደረ አንድ ሜትር ኩብ እንጨት ክፍተቱ ሲቀነስ ንጹሕ እንጨቱ በግምት ሁለት ሦስተኛው ነው፤ ገዢና ሻጭ ይህን አውቀው ቢገበያዩ ጭቅጭቁም ይቀንሳል። ከማገዶው ጋር ከሦስት ጉልቻ ሲነጻጸር እስከ ግማሽ የሚሆን እንጨት የሚቆጥበውን “ምርጥ” የእንጀራ ምድጃ አብሮ መሸጥም ይቻላል። የሸማቹ እንጨት ሲበረክትለት የሻጩ ደንበኛ ይጸናል።

እዚህ ላይ መነሳት ያለበት ዋናው ጥያቄ ይህን ሥራ ማን ይሥራው የሚለው ነው። በአካባቢው መሬት ያለው አባት ነው፤ ልጁ ብዙ ጊዜ መሬት የለውም። ወጣቶች በማኅበር ሲደራጁ የሚቀርቡላቸው አማራጮች ማድለብ፣ ንብ ማነብና ጠጠር ማምረት ናቸው። ማገዶ ግን የራስ መሬት ሳይኖር የሚሠራ ሥራ ነው። ዛፉን ከባለቤቱ በውል መቁረጥ፣ መፍለጥ፣ ማድረቅና ማድረስ የሚጠይቀው መጥረቢያ፣ መጋዝ፣ አንድ ዳስና ጉልበት ነው። ባለ ዛፉ በቁም ከሚሸጠው የተሻለ ያገኛል፤ ወጣቱም ከደላላው ድርሻ ላይ የጉልበቱን ያገኛል።

የማገዶው ወንድም የሆነው ሁለተኛው ሥራ አጥር ነው። በደጋው ጎጃም መኸር ከተሰበሰበ በኋላ ከብት በየማሳው ይለቀቃል። ልቅ ግጦሽ እስካለ ድረስ የተተከለ የፍራፍሬ ችግኝ፣ የመኖ ሣርና የበጋ መስኖ አትክልት ያለ አጥር አይተርፍም። አርሶ አደሩ የለመደው ደግሞ የደረቅ እሾህ አጥር ነው። እሾሁ ከየግራሩና ከየአጋሙ ይቆረጣል፣ በዓመቱ በስብሶ ይወድቃል፣ እንደገና ይቆረጣል። አንድን ጓሮ ለመጠበቅ በየዓመቱ ሌላ ቁጥቋጦ ይመነጠራል ማለት ነው። የእንጨት ካብ የሚሠራውም ቢሆን ለገበያ ሊውል የሚችለውን አጠና እያስበሰበሰ ነው።

የተክል አጥር ይህን ዑደት ይሰብራል። አጋም፣ ቀጋና ኮሽም እሾሃቸው ከብት ይመልሳል፣ ፍሬያቸው ይበላል፣ አበባቸው ለንብ ይሆናል። ስሚዛ ከቅርንጫፍ ይበቅላል፤ ንብ አናቢም ይወደዋል። ትሪሉሰርን ደግሞ ለደጋ የሚስማማ መኖ ስለሆነ ከውስጥ በኩል በሁለተኛ ረድፍ ቢተከል አጥሩ ራሱ ላም ይቀልባል። አንድ ቃዳ መሬት አራት ማዕዘን ቢሆን ዙሪያው 200 ሜትር ነው። በሁለት ረድፍ፣ በ30 ሳንቲ ሜትር ርቀት ቢተከል ከ1 ሺህ 300 በላይ ችግኝ ይፈልጋል። ይህ ለአንድ አባወራ ማሳ ብቻ ነው፤ የአንድ ቀበሌ ፍላጎት አንድን ችግኝ ጣቢያ ለዓመታት ሥራ አያስፈታም።

አጥር ግን ተክሎ መተው አይደለም። ካልተከረከመ ወደ ላይ ይሮጣል፣ ከሥር ይሳሳል፣ ፍየል በሥሩ ትሾልካለች። እንግሊዞች ለዚህ የቆየ ዘዴ አላቸው። ግንዱን ከመሬት ከፍ ሳይሉ ከጎኑ በስለት ይገምሱታል፤ ቅርፊቱና ጥቂት እንጨቱ ሳይቆረጥ እንደተያያዘ ወደ አንድ ወገን ያስተኙትና በቋሚ ችካል መካከል ያሳልፉታል። የተኛው ግንድ አይሞትም፤ ከጉቶው አዲስ ቀንበጥ ያወጣል፤ አጥሩም ከሥሩ ይጠቀጥቃል። ከዚህ የሚቆረጠው ትርፍ ቅርንጫፍ ማገዶ ነው። የጎጃም ገበሬ “ሳይደርቅ በእርጥቡ” የሚለው አባባል እዚህ ላይ ቃል በቃል ይሠራል፤ እርጥቡ ሲጎብጥ ደረቁ ይሰበራልና። ይህ ዘዴ በቀጋና በኮሽም ላይ እንዴት እንደሚይዝ ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲና የወረዳው ባለሙያዎች በጥቂት ሜትር የሙከራ አጥር ሊያዩት ይችላሉ። ወጪው ትንሽ ነው፤ ከተሳካ ግን በበጋ ሥራ ለሚፈታ ወጣት በየዓመቱ የሚመላለስ ሙያ ይሆናል።

በዚህ ሐሳብ ላይ የሚነሳው ተገቢ ሥጋት ባሕር ዛፍ የጤፉን መሬት ይበላል የሚለው ነው። ሥጋቱ ባዶ አይደለም። የአፈር አሲዳማነት ምርት ሲቀንስ፣ የማዳበሪያ ዋጋ ሲያሻቅብ፣ ገበሬው ማሳውን ለዛፍ መስጠቱ እየታየ ነው። ዛፉ ከጎረቤት ማሳ ተጠግቶ ሲተከል ጥላውና ሥሩ ድንበር ስለማያውቁ ጠብ ይነሳል፤ ምንጭ አጠገብ ሲተከልም ውኃውን ይጠጣል። የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር የፋግታ ለኮማ ወረዳ ልምድ ለዚህ ሁለት ትምህርት ይሰጣል። እዚያ አርሶ አደሩ ዲከረንስ የተባለውን ግራር ከጤፍ ጋር ዘርቶ፣ ከዚያ ሣሩን አጭዶ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዛፉን ለከሰል ቆርጦ መሬቱን ወደ ጤፍ ይመልሳል። ዛፍና እህል በተራ መሬት ሲጋሩ ሁለቱም እንደሚያተርፉ ይህ አሠራር አሳይቷል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ዲከረንሱን የዝገት በሽታ መትቶት ብዙ ማሳ ወድሟል። አንድ ዛፍ ላይ ብቻ የቆመ ኑሮ በአንድ በሽታ እንደሚናጋ ከዚህ በላይ ማስረጃ የለም።

ስለዚህ መልሱ ዛፍ መትከል ይቁም ወይም ማሳው ሁሉ ዛፍ ይሁን አይደለም። ቀድሞ ካለው ዛፍ የበለጠ ማግኘት ነው። ባሕር ዛፍ ከጉቶው ስለሚያቆጠቁጥ ዳግም መትከል ሳያስፈልግ ደጋግሞ ይቆረጣል። ለዚህ ግን ጉቶው ዝቅ ብሎና ውኃ እንዳያቁር ዘመም ተደርጎ በመጋዝ መቆረጥ፣ ቅርፊቱ አለመላጥ፣ ከሚያቆጠቁጡት ቀንበጦችም ሁለት ወይም ሦስቱ ብቻ መተው አለባቸው። በመጥረቢያ የተሰነጠቀ ጉቶ ይበሰብሳል፤ ሳይሳሳ የቀረ ቀንበጥም ከማገር አያልፍም። በደንብ የተያዘ አንድ ቃዳ በቸልታ ከተያዘ ሁለት ቃዳ የሚተናነስ ካልሆነ ጤፉን ገፍቶ ሌላ ማሳ መያዝ ምን ያስፈልጋል? አጥሩም በአገር በቀል ቁጥቋጦ ሲሆን ከአንድ ዘር ጥገኝነት ያወጣል።

ቀሪው የመንግሥት ድርሻ ነው። የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065/2010 የግል ደን ባለቤትነትን ያውቃል። ከግል ማሳ የተቆረጠ ባሕር ዛፍ መሆኑን የሚያረጋግጥ ወረቀት በቀበሌ ደረጃ ያለ ምልልስ ቢሰጥ ሕጋዊው ሻጭ ከሕገ ወጡ ይለያል፤ ወይራውና ኮሶውም ከመጥረቢያ ይድናሉ። የወረዳው ሥራ ዕድል ፈጠራ ማገዶ ማድረቅንና አጥር መትከልን ከአማራጮቹ መካከል ያስገባ፤ ግብርናውም በችግኝ ጣቢያዎቹ ከባሕር ዛፉ ጎን የአጥር ተክል ያፍላ። አርሶ አደሩም ሌላ ሰው ሳይጠብቅ በሚቀጥለው በጋ ደላላ ከመጥራቱ በፊት ዛፉን ይቁጠር። ኩበቱ ከምድጃ ወጥቶ ወደ ማሳ የሚመለሰው፣ የጤፉም አፈር የሚያገግመው፣ ደረቅ ማገዶ በተመጣጣኝ ዋጋ ከደጅ ሲገኝ ነውና።