የድጋፍ ደብዳቤ ላላቸው ብቻ

ሰሞኑን አንድ የነገረ መለኮት ትምህርት ቤት ለአፍሪካውያን አገልጋዮች «በክርስቲያንና ሙስሊም ግንኙነት» የማስተርስ ዲግሪ እሰጣለሁ የሚልበት ማስታወቂያ እጄ ገባ። ስሙን አልጠራም፤ መሰሎቹ ብዙ ናቸው። ወረቀቱ ስለ ሰላም ያወራል፣ ስለ መተዋወቅ ያወራል፣ ስለ አህጉሩ መጻኢ ዕድል ያወራል። ወደ መግቢያ መስፈርቱ ስወርድ ሁለት ነገር ተጽፏል፦ በነገረ መለኮት የመጀመሪያ ዲግሪ፣ ከቤተ ክርስቲያን የድጋፍ ደብዳቤ።

እስቲ ይንገሩኝ፤ የደሴው ኡስታዝ ይህን ደብዳቤ ከየትኛው ደብር ያጽፈው?

ጉዳዩ ይመለከታቸዋል ከተባሉት አንዱን ጠየቅኋቸው። ሙስሊሞቹ የራሳቸው ተቋም አላቸው፣ እኛ የምናሠለጥነው የራሳችንን ሰው ነው አሉኝ፤ ፈገግም አሉ። ባለጋራው ያልተጠራበት ሽምግልና ተቀምጠው፣ ምሳ በልተው፣ እርቁ አልቋል ብለው የሚነሡ ሽማግሌ መሰሉኝ።

በሽታው የዛሬ አይደለም። የካቶሊክ ሚሲዮናውያን እ.ኤ.አ. በ1926 ዐረብኛና እስልምና የሚያጠኑበትን ተቋም ቱኒዝ ላይ ከፈቱ፤ ያው ተቋም በ1964 ሮም ገባ። ለመዛወሩ የራሱ ምክንያት ነበረው፣ ይሁንላቸው። ብቻ ከዚያ ወዲህ አንድ አፍሪካዊ ቄስ የጎረቤቱን ሃይማኖት ለመረዳት ቪዛ ሲጠይቅ ማንም አልገረመውም። እንግሊዝ አገር ቢርሚንግሃም ላይ በ1976 የተቋቋመው የክርስቲያንና ሙስሊም ግንኙነት ጥናት ማዕከል ግን ሁለቱ ወገኖች አብረው እንዲሠሩበት ታስቦ ነበር። ሐሳቡ ግማሽ ምዕተ ዓመት አረጀ፤ የእኛዎቹ ዘንድ ግን ገና አልደረሰም። እኛ ዘንድ የደረሰው ስላይዱ ነው። አጎቱ ሙስሊም፣ እናቱ ክርስቲያን የሆነችን የወሎ ልጅ አስቀምጠው ሙስሊም በቀን አምስት ጊዜ እንደሚሰግድ በስላይድ ያስተምሩታል፤ ደግሞም ይፈትኑታል!

ዋናው እስልምናን ጠንቅቆ ማወቅ ነው ይሉኛል። እሺ፣ ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው እኔ ልጥቀስላቸው፦ እጨጌ ዕንባቆም። ከየመን የመጣ፣ በእስልምና ያደገ፣ እዚህ ክርስትናን ተቀብሎ የመነኮሰ፣ የደብረ ሊባኖስ እጨጌ እስከ መሆን የደረሰ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1540 «አንቀጸ አሚን»ን ሲጽፍ ገዳሙ ተቃጥሎ፣ አገሪቱ በጦርነት እየነደደች ነበር። መጽሐፉ የለየለት ክርክር ነው፤ ቁርአን እየጠቀሰ ለክርስትና ይሟገታል፤ ስለ መቻቻል የወርክሾፕ ወረቀት አይደለም። ለማን ነው የተጻፈው? ጦርነቱን ለሚመራው ለራሱ ለኢማም አህመድ! በዚያ የደም ዘመን እንኳ ጸሐፊው ሲጽፍ ፊቱ ያስቀመጠው ሙስሊም አንባቢ ነበር፤ ጥቅሱን ቢያጣምም አጣመምክ የሚለው።

የዛሬው የመመረቂያ ጽሑፍስ ማን ያነበዋል? አማካሪው፣ ሁለት ፈታኞች፣ ከዚያ የቤተ መጻሕፍት አቧራ። ሦስቱም ደብዳቤ ያላቸው ናቸው። ምዕራፍ ሁለት ሁልጊዜ ያው ነው፤ አምስቱ የእስልምና መሠረቶች፣ ከአንድ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ወደ ሌላው ሲገለበጡ የኖሩ። ሼሁ በምዕራፍ አራት ብቅ ይላሉ፤ ስማቸው ተቀይሮ፣ «መረጃ ሰጪ 3» ተብለው። ለቃለ መጠይቅ ሲሆን መስጊድ በር ድረስ ተሂዶ ይለመናሉ፤ የተጻፈው ስለ እርሳቸው እውነት ይሁን ውሸት ለመፍረድ ግን ወንበር የላቸውም።

ሚያዝያ 2014 ዓ.ም. ጎንደር ላይ ሰው የሞተው በምስጢረ ሥላሴ ክርክር አይደለም። ጠቡ የተነሣው የሙስሊም ቀብር ላይ፣ መካነ መቃብሩ ከቤተ ክርስቲያን ጋር በሚዋሰንበት ቦታ ነው። ቀናት ሳይቆይ ስልጤ ላይ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ። ከዚያ በፊት ታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ሞጣ ላይ መስጊዶች ነድደዋል። እንዲህ ያለ ቀን ሲመጣ በ«ግንኙነት» የተመረቀው አገልጋያችን ለማን ይደውላል? ሁለት ዓመት ተምሮ ዲግሪው ካላስገኘለት ነገር ዋናው የአንድ ኡስታዝ ስልክ ቁጥር ነው። አብሮት የተማረ ኡስታዝ የለማ!

ካዱና፣ ናይጄሪያ ላይ ፓስተር ጀምስ ዉዬና ኢማም ሙሐመድ አሻፋ በተቃራኒ ወገን ወጣቶችን ሲያዋጉ የነበሩ ሰዎች ናቸው። አንዱ በግጭቱ እጁን አጣ፣ ሌላው መምህሩንና ዘመዶቹን ቀበረ። በኋላ አንድ ማዕከል በጋራ አቋቁመው የየወገናቸውን ወጣቶች አብረው ሲያሠለጥኑ ኖረዋል። ተገዳድለው የነበሩ ሰዎች አንድ መድረክ ላይ መቆም ሲችሉ፣ አንድ እድር ውስጥ ያሉ ሰዎች አንድ ክፍል ውስጥ መቀመጥ ያቃታቸው ምን ሆነው ነው?

ደረጃውን የሚያሟላ ሙስሊም ምሁር አናገኝም የሚለውን ሰበብም ሰምቻለሁ። የወሎ የእስልምና ትምህርት ማዕከላት ወደሆኑት ዳናና ጌታ ሄደው ያውቃሉ? ዕድሜ ልኩን ተፍሲርና ፊቅህ ሲያቀራ የኖረ ሼህ ደረጃ የሚያንሰው ከማን ጋር ተመዝኖ ነው? እስልምናን በሁለት ሴሚስተር ከጨረሰው መምህር ጋር?

ኮሌጆቻችን የመግቢያ መስፈርቱን መሰረዝ ከከበዳቸው ከዘንድሮ ተመራቂዎች ይጀምሩ። ስለ እስልምና የሚጻፍ ማንኛውም የመመረቂያ ጽሑፍ ከፈታኞቹ አንዱ ሙስሊም ምሁር ሳይሆን አይጽደቅ። ሼሁ እንግሊዝኛ አይችሉም የሚባል ከሆነ ፈተናው እዚህ በአማርኛ፣ ናይሮቢ ከሆነ በስዋሂሊ ይሁን፤ ተማሪው ይችላል።