ቸርኬ ሲተልቅ ምን ያንሳል?

በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚኖር ቤተሰብ የክሮስኦቨር መኪናውን ጎማ የሚቀይርበት ጊዜ ሲደርስ፣ በአካባቢው አጠራር «በንሸር» በሚባሉት የጎማ ሱቆች ደጃፍ የሚቀርብለት የመጀመሪያ ጥያቄ ብዙውን ጊዜ ስለ ጎማው ሳይሆን ስለ ቸርኬው ነው። «17ቱን አውጥተን 20 ብንገጥምለትስ?» ይላል ሻጩ። መኪናው ግርማ ያገኛል፤ ከፋብሪካ የወጣበት ልከኛ መልክ ይለወጣል። ውሳኔው መኪናው በክሪክ ላይ እንደተሰቀለ፣ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ያልቃል። ውጤቱን ግን ቤተሰቡ ለዓመታት ይዞት ይጓዛል። በሐምሌ ቀትር ከሪያድ ተነሥቶ ወደ 900 ኪሎ ሜትር ገደማ አቋርጦ ለዑምራ መካ ሲገባ፣ ልጆቹንና ሻንጣውን የሚሸከሙት እነዚያ በጥድፊያ የተመረጡ አራት ጎማዎች ናቸው።

በዚህ አካባቢ የጎማና የቸርኬ ልክ የመልክ ጉዳይ ሆኖ መታየት አይገባውም። ከሁሉ በፊት የሙቀትና የክብደት ጉዳይ ነው። በመሆኑም ለቤተሰብ ክሮስኦቨር የሚበጀው፣ አምራቹ ለመኪናው ከፈቀዳቸው ልኮች ውስጥ አነስተኛውን ቸርኬ ይዞ፣ ለትልቅ ቸርኬ ሊወጣ የነበረውን ገንዘብ ለአዲስና ለጥሩ ጎማ ማዋል ነው።

ይህን ለመረዳት በጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን ማንበብ ይበቃል። በአካባቢው መንገዶች በብዛት የሚታየውን ቶዮታ ራቭ 4ን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። 17 ኢንች ቸርኬ ያለው ሞዴል የሚጠቀመው ጎማ 225/65 አር 17 ነው። 225 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ሲሆን፣ 65 ደግሞ የጎኑ ከፍታ ከስፋቱ 65 ከመቶ መሆኑን ያሳያል። 17 የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው። ስለዚህ ከቸርኬው ጠርዝ እስከ አስፋልቱ ያለው የጎማ ጎን 146 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል። በምትኩ 245/45 አር 20 ቢገጠም የመንኮራኩሩ ጠቅላላ ቁመት ብዙም አይለወጥም፤ ሁለቱም ከ720 እስከ 730 ሚሊ ሜትር መካከል ናቸው። ሻጩ «ልክክ ብሎ ይገባል» ማለቱ ከዚህ የተነሣ ነው፤ አልዋሸም። የጎማው ጎን ግን ወደ 110 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። ቸርኬው የተለቀው ከጎማው ጎን ሩብ ያህሉን ወስዶ ነው።

ያ የተወሰደው ሩብ ባዶ ላስቲክ አይደለም። የመኪናውን ክብደት የሚሸከመው በጎማው ውስጥ ያለው አየር ነው፤ ጎኑ ሲያጥር ከጉድጓድ፣ ከእግረኛ መንገድ ጠርዝና ከፍጥነት መቀነሻ ጉብታ የሚመጣውን ምት የሚያበርደው ትራስ ይሳሳል። ከቸርኬው ጠርዝና ከድንጋዩ መካከል የተቆነጠጠ ጎማ የውስጥ ክሩ ይበጠስና በጎኑ ላይ እብጠት ያወጣል። እብጠት ያወጣ ጎማ ሊጠገን አይችልም፤ መጣል ብቻ ነው ያለው አማራጭ። ቸርኬው ራሱም ሊጣመም ወይም ሊሰነጠቅ ይችላል።

እርግጥ ነው፣ ለትልቁ ቸርኬ የሚሟገት ሰው ባዶ እጁን አይደለም። አጭር ጎን ያለው ጎማ በመታጠፊያ ላይ አይወላውልም፤ ለመሪው ፈጥኖ ይታዘዛል። አምራቾቹም ቢሆኑ ለአንዳንድ ሞዴሎች 19 ኢንች ቸርኬ ከፋብሪካ ገጥመው ይሸጣሉ። ይሁን እንጂ አምራቹ 19 ኢንች ሲገጥም የተንጠልጣዩን ጥንካሬ፣ የአየሩን ግፊትና የፍጥነት ጠቋሚውን አብሮ አስተካክሎ ነው። የመንደር ሱቅ የሚለውጠው መንኮራኩሩን ብቻ ነው። ለምሳሌ በዚያው በ17 ኢንቹ መኪና ላይ 255/55 አር 19 ቢገጠም የመንኮራኩሩ ቁመት ከ5 ከመቶ በላይ ይጨምራል፤ ባለሙያዎች ከ3 ከመቶ እንዳያልፍ ከሚመክሩት ልዩነት ያልፋል ማለት ነው። ያ አሽከርካሪ ጠቋሚው እንደ ወትሮው 120 ሲያሳየው፣ መኪናው ቀድሞ በዚያ ቁጥር ይሄድ ከነበረው በ6 ኪሎ ሜትር ያህል ፈጥኖ ይሄዳል። የመንገድ ካሜራው ይህን ምክንያት አይሰማም።

ከልኩ ቀጥሎ የሚጻፉት ቁጥርና ፊደል ደግሞ ብዙ ገዢ የማያያቸው፣ ነገር ግን በሙቅ አገር ከሁሉ የሚበልጡ ናቸው። «102 ኤች» የሚል ጽሑፍ አንዱ ጎማ 850 ኪሎ ግራም እንደሚሸከምና እስከ 210 ኪሎ ሜትር በሰዓት እንደተፈተነ ይናገራል። የፍጥነት ወሰኑ 120 ወይም 140 በሆነበት መንገድ 210 ለምን ያስፈልጋል የሚል ሰው ይኖራል። መልሱ ሙቀት ነው። ከፍ ያለ የፍጥነት ደረጃ ያለው ጎማ ሙቀትን ለመቋቋም ተጨማሪ አቅም አለው፤ አየሩ ከ45 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ አስፋልቱም ከ60 በሚያልፍበት ቀን ያ ተጨማሪ አቅም ትርፍ አይደለም። በብዙ ጎማዎች ጎን ላይ ለሙቀት መቋቋም ኤ፣ ቢ ወይም ሲ የሚል ደረጃም ተጽፎ ይገኛል፤ ለዚህ አካባቢ ከኤ በታች መውረድ አይመከርም። በሳዑዲ ዓረቢያ ጎማ ላይ የሚለጠፈው ባለ ቀለም ምልክት ስለ ነዳጅ ቁጠባና በእርጥብ መንገድ ላይ ስላለው የመቆንጠጥ አቅም ይነግራል፤ ጠቃሚ ነው፤ የሙቀቱን ነገር ግን ገዢው ራሱ ከጎማው ጎን ማንበብ ይኖርበታል።

የባሕረ ሰላጤው ሙቀት ለጎማ ምን ማለት እንደሆነ ዓለም የተማረው በከባድ ዋጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የፎርድ ኩባንያ በሳዑዲ ዓረቢያና በአጎራባች አገሮች በኤክስፕሎረር መኪኖች ላይ የተገጠሙ የፋየርስቶን ጎማዎችን መተካት ጀመረ፤ የጎማው ጥርስ በፍጥነት ላይ ሳለ ከአካሉ ይላቀቅ ነበርና። በአሜሪካ 6.5 ሚሊዮን ጎማዎች እንዲመለሱ የተወሰነው ግን በቀጣዩ ዓመት፣ በ2000 ነው። የአገሪቱ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ከ200 በላይ ሞቶችን ከእነዚህ ጎማዎች ጋር አያይዟቸዋል። ሁለቱ ኩባንያዎች እርስ በርስ ተወቃቀሱ፤ ከክርክሩ አንዱ መኪና አምራቹ የመከረው 26 ፒኤስአይ የአየር ግፊት ማነሱ ነበር። ንፋስ ያነሰው ጎማ በዞረ ቁጥር ጎኑ ይተጣጠፋል፤ መተጣጠፉ ሙቀት ይወልዳል፤ ሙቀቱ ላስቲኩን ከሽቦው ያላቅቃል።

ከዚያ አደጋ በኋላ በወጣው የአሜሪካ ሕግ ምክንያት ነው በዳሽቦርዱ ላይ የምትበራው፣ በፈረስ ኮቴ መሰል ምልክት ውስጥ ቃለ አጋኖ ያለባት ብጫ መብራት የተለመደችው። ነገር ግን መብራቷ ዘግይታ ትነቃለች። በአሜሪካው ደንብ ግፊቱ ከሚመከረው በ25 ከመቶ ሲወርድ እንድትበራ ነው የሚጠበቀው፤ 35 ፒኤስአይ የሚያስፈልገው ጎማ 26 አካባቢ እስኪደርስ ዝም ልትል ትችላለች። አዲስ ቸርኬ ሲገጠም ደግሞ በውስጥ ያለውን መለኪያ ከአሮጌው ሳያዛውሩ የሚተዉ ሱቆች አሉ። ከዚያ ወዲያ መብራቷ ያለማቋረጥ ትበራለች፤ ባለቤቱም ይለምዳታል።

የአየሩ ልክ የተጻፈው በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ ነው፤ በጎማው ጎን ላይ ያለው ከፍተኛው ቁጥር የመጨረሻ ወሰን እንጂ ምክር አይደለም። የሚለካውም ጠዋት፣ መኪናው ሳይንቀሳቀስ ነው። ሙቀቱ በ5 ወይም በ6 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ግፊቱ በ1 ፒኤስአይ ያህል ስለሚጨምር፣ ከረጅም ጉዞ መሐል ለክቶ «በዝቷል» ብሎ ማስተንፈስ ትልቅ ስሕተት ነው። በዕረፍት ቀን ወደ በረሃ ወጥቶ በአሸዋ ላይ ለመሄድ ንፋስ የሚቀንስ ሰውም፣ አስፋልት ላይ ከመውጣቱ በፊት መልሶ ካልሞላ የዚያኑ የ1999ኙን ስሕተት በገዛ እጁ ይደግማል።

ያገለገለ ቸርኬ የሚገዛ ሰው ሌላም ወጥመድ አለበት። የራቭ 4ና የሂዩንዳይ ቱሳን ቸርኬዎች ሁለቱም 5 ብሎን አላቸው፤ ብሎኖቹ የተደረደሩበት ክብም ለሁለቱ 114.3 ሚሊ ሜትር ነው። በዓይን ሲታይ አንዱ ለሌላው ይሆናል። የቱሳኑ የመሐል ቀዳዳ ግን 67.1 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ የራቭ 4 ሞዞ 60.1 ነው። የ7 ሚሊ ሜትሩን ክፍተት የሚሞላ ቀለበት ካልገባ ቸርኬው በትክክል መሐል ላይ አይቀመጥም፤ በፍጥነት ላይ መሪው ይንቀጠቀጣል። አራቱም ጎማ በሚነዳበት መኪና ላይ ደግሞ ሁለት አዲስና ሁለት ያለቁ፣ ወይም ልዩ ልዩ ልክ ያላቸው ጎማዎች ማቀላቀል ኃይል አከፋፋዩን ክፍል ያለ ዕረፍት ያሠራዋል፤ የዚያ ጥገና ዋጋ ከጎማው እጅግ ይበልጣል።

በመጨረሻም ዕድሜ አለ። በጎማው ጎን ላይ በትንሽ ሞላላ ክፈፍ ውስጥ አራት አኃዞች ይገኛሉ፤ «2319» ማለት ጎማው በ2019 በ23ኛው ሳምንት ተመረተ ማለት ነው። ብዙ መኪና አምራቾች በ6 ዓመት እንዲቀየር ይመክራሉ፤ የጎማ አምራቾችም 5 ዓመት ካለፈው በኋላ በየዓመቱ በባለሙያ እንዲታይ፣ 10 ዓመት ከሞላው ጥርሱ ባያልቅም እንዲወገድ ያሳስባሉ። በቅባት ተወልውሎ የሚያበራ ያገለገለ ጎማ ጥርሱ ሙሉ ሊሆን ይችላል፤ ላስቲኩ ግን በፀሐይ ደርቋል። ርካሽነቱ የሚያስከፍለው በኋላ ነው።

ይህ ሁሉ ከኪስ ጋር ሲነጻጸር ሒሳቡ ግልጽ ነው። ከ17 ወደ 20 መዝለል አራት ቸርኬ ብቻ አያስገዛም፤ ለ20 የሚሆነው ጎማም በየጊዜው ከ17ቱ ይወደዳል። ያንኑ ገንዘብ ይዞ በአምራቹ ልክ፣ በቅርብ የተመረተ፣ የሙቀት ደረጃው ከፍ ያለ ጎማ የገዛ ሰው ትርፉን አያጣም።

በባሕረ ሰላጤው ከሚኖሩት አማርኛ ተናጋሪዎች መካከል የሌላ ሰው ቤተሰብ የሚያመላልሱ የቤት ሾፌሮች አሉ። ጎማውን የሚከፍለው አሠሪው፣ ምርጫውን የሚያደርገውም አንዳንዴ የአሠሪው ወጣት ልጅ ነው። መሪውን የሚይዘው ግን ሾፌሩ ነው፤ በኋላ ወንበር ላይ የተኙት ሕፃናትም ለእርሱ የተሰጡ አማና ናቸው። በመሆኑም በጎማው ጎን ላይ ያለውን ጽሑፍ የሚያነብ፣ የምርቱን ሳምንት የሚጠይቅና ጠዋት ንፋስ የሚለካ ሾፌር ከሥራው ድንበር አላለፈም። ለአሠሪው «ይህ ጎማ ለዚህ መኪና አይሆንም» ብሎ በአክብሮት የሚናገርበት ቦታ ሱቁ ደጃፍ ነው፤ ጎማው ከፈነዳ በኋላ የሚነገር ምክር ለማንም አይጠቅምም።