ቅጠሉን የበላው ማን ነው?

ነቀዝ ሲባል ቶሎ የሚታሰበን በጎተራ ውስጥ ስንዴውንና በቆሎውን የሚሰረስረው ባለ ረጅም አፍንጫ ተባይ ነው። የነቀዝ ዘመዶች ግን እጅግ ብዙ ናቸው። ከእነርሱ መካከል የጎተራ እህል ጨርሶ የማይነኩ፣ ኑሯቸውን በመስክ ተክል ላይ የመሠረቱም አሉ። ዛሬ ከእነዚህ አንዱን እናስተዋውቃችኋለን፤ የክሎቨር ሥር ነቀዝ ይባላል።

ክሎቨር በደጋው አገራችን ከብት የሚወደው የማገጥ ወገን ነው። ነጭ አበባ ያለው ዓይነት ከአውሮፓ ወደ ኒውዚላንድ ተወስዶ ለዚያች አገር የበግና የከብት እርባታ ዋና መሠረት ሆኗል። ምስጢሩ ያለው ከሥሩ ነው። አተር ወይም ባቄላ ነቅላችሁ ሥሩን አይታችሁ ከሆነ በላዩ ላይ ያሉትን ጥቃቅን እብጠቶች ታስታውሳላችሁ። በውስጣቸው የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ናይትሮጂንን ከአየር ወስደው ለተክሉ ምግብ ያደርጉለታል። ክሎቨርም እንዲሁ ነው። በዚህ የተነሣ ገበሬው ማዳበሪያ ለመግዛት የሚያወጣው ገንዘብ ይቀንስለታል።

እንዴት እንለየዋለን?

ይህ ነቀዝ ካደገ በኋላ ርዝመቱ ከ4 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። መልኩ ቡናማና ግራጫ የተቀላቀለበት ነው። አፍንጫው እንደ እህል ነቀዝ ቀጭንና ረጅም ሳይሆን አጭርና ሰፊ ነው። ሲነኩት ከቅጠሉ ወድቆ ዝም ይላል፤ መልኩ አፈር ስለሚመስል ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል። ስለዚህ ከራሱ ይልቅ የጥርሱን ምልክት መፈለግ ይቀላል። ቅጠሉን የሚበላው ከጠርዝ ወደ ውስጥ ሲሆን የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያለው ጉድፍ ይተዋል። በቅጠሉ መካከል ቅርጽ የሌለው ቀዳዳ ካገኛችሁ ግን ሌላ በላተኛ፣ ምናልባትም ቅርፊት የሌለው ቀንድ አውጣ ሊሆን ይችላል።

ትልቁ ጉዳት ግን የሚታየው አይደለም። እንስቷ እንቁላሏን አፈር ላይ ትበትናለች። የሚፈለፈለው ትል ነጭ፣ እግር የሌለውና ራሱ ቡናማ ነው። ወደ አፈር ገብቶ መጀመሪያ የሚበላው እነዚያን የሥር እብጠቶች ነው! ከፍ ሲል ደግሞ ሥሩን ራሱን ይበላል። ከላይ ቅጠሉ ትንሽ ተቆርጦ ሲታይ ከታች የተክሉ ጓዳ እየተዘረፈ ነው ማለት ነው።

በኒውዚላንድ የሆነው

ነቀዙ በኒውዚላንድ፣ ዋይካቶ በተባለው አካባቢ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1996 ነበር። ከዚያ በመላው ሰሜናዊ ደሴት ተዛመተ፤ በ2006 በደቡባዊው ደሴትም ተገኘ። የግጦሹ ክሎቨር ሲመናመን ገበሬዎች ቀድሞ ከክሎቨሩ በነጻ ያገኙት የነበረውን ናይትሮጂን በገንዘባቸው ለመግዛት ተገደዱ።

ታዲያ ምን ይደረግ? ለዚህ ነቀዝ ቅርብ ዘመድ የሆነና አልፋልፋ የሚያጠቃ ሌላ ነቀዝ በአገሩ ነበር። እርሱን ለመቀነስ በ1982 ከሞሮኮ የመጣ ትንሽ ተርብ ተለቅቆ ነበር። ተርቧ እንቁላሏን በነቀዙ አካል ውስጥ ትጥላለች። እንስት ነቀዝ በዚህ ከተያዘች እንቁላል መጣል ታቆማለች፤ የተርቧ ልጅ አድጋ ስትወጣ ደግሞ ነቀዟ ትሞታለች። ማይክሮክቶነስ ኤቲዮፖይደስ የሚለው የተርቧ ስም አገራችንን ያስታውሰናል፤ ወደ ኒውዚላንድ የተወሰደችው ግን ከእኛ ዘንድ አይደለም።

“እንግዲያው ይህችው ተርብ ክሎቨሩንም ታድነዋለች” ያለ ሰው ቢኖር አይፈረድበትም። ነገር ግን የሞሮኮዋ ተርብ ለክሎቨሩ ነቀዝ አልጠቀመችም። ሁለቱ ነቀዞች ቢመሳሰሉም አንድ አይደሉምና። ተመራማሪዎች ነቀዙ ወደ መጣበት ወደ አውሮፓ ሄደው ሲፈልጉ ያው ስም ያላት ተርብ በዚያም ተገኘች። ሌላ ችግር ግን ነበር፤ የአውሮፓዋ ከሞሮኮዋ ጋር ከተዳቀለች የሚወለዱት ለሥራው ደካሞች ይሆናሉ።

መፍትሔው ከአየርላንድ ተገኘ። የአየርላንዷ ተርብ ያለ ወንድ ሴት ልጆችን የምትወልድ ስለሆነች የመዳቀል ሥጋት አልነበረም። ያም ሆኖ ወዲያው አልተለቀቀችም። የሞሮኮዋ ተርብ ያልታሰቡ የአገሩን ነቀዞች ጭምር ስታጠቃ ተገኝታ ስለነበር፣ አዲሷ በቅድሚያ በዝግ ቤት ተፈተነች። በ2006 ተለቀቀች፤ ከዓመት ዓመትም በየአካባቢው እየተስፋፋች የነቀዙን ብዛት ቀነሰች። ነቀዙ ፈጽሞ አልጠፋም፤ ገበሬው ግን እፎይ አለ።

አያችሁ? በዚህ ታሪክ ውስጥ “ይመሳሰላሉ” ብሎ ማለፍ ብዙ ዓመታት ባስከፈለ ነበር። ነቀዙን ከዘመዱ፣ ተርቧንም ከስመ ሞክሼዋ መለየት ያስፈለገው ለዚህ ነው። በነገራችን ላይ፣ በቆዩ መጻሕፍት ሲቶና ሌፒደስ የሚል ስም ብታገኙ ዛሬ ሲቶና ኦብሶሌተስ የሚባለው ይኸው ነቀዝ ነውና ሌላ እንዳይመስላችሁ።

እናንተም በጓሯችሁ የተበላ ቅጠል ስታዩ ወደ ፀረ ተባይ መድኃኒት ከመሮጣችሁ በፊት ጎንበስ ብላችሁ ተመልከቱ። የተበላው ከጠርዙ ነው ወይስ ከመካከሉ? ከሥሩስ ምን አለ? ልጆቻችሁን አስከትላችሁ አንድ የባቄላ እግር ንቀሉና የሥሩን እብጠት በጥፍራችሁ ሰንጥቁ። ውስጡ ሮዝ መሳይ ከሆነ ሥራ ላይ ነው። ማዳበሪያ ከየት እንደሚመጣ ለልጅ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም።