«ክረምት» በሚል ርእስ ከአንድ ገጽ ያላነሰ ድርሰት ጻፉ

ጥቁር ሰሌዳው ላይ ርእሱ ተጽፏል፤ «ክረምት»። ከሥሩ የተለመደው ትእዛዝ አለ፤ «መግቢያ፣ ሐተታና መደምደሚያ ያለው፣ ከአንድ ገጽ ያላነሰ ድርሰት ጻፉ»። መምህሩ ወንበሩን ስቦ ይቀመጣል። ሰባ ተማሪ አንገቱን ደብተሩ ላይ ይደፋል። ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ ሰባ ደብተር ይሰበሰባል፤ በሰባው ደብተር ውስጥ ያለው ግን አንድ ድርሰት ነው። ክረምት ከአራቱ ወቅቶች አንዱ ነው። በክረምት ዝናብ ይዘንባል። ገበሬው ያርሳል። ምድር አረንጓዴ ትለብሳለች። ስለዚህ ክረምት ለሰው ልጅ እጅግ ጠቃሚ ወቅት ነው።

ከሰባዎቹ መካከል ባለፈው ነሐሴ ቤቱ ጎርፍ የገባበት ይኖራል። ቆርቆሮው እያፈሰሰ ሌሊቱን ሙሉ ባልዲ ሲቀያይር ያደረ ይኖራል። ክረምቱን ሊስትሮ ሲሠራ የከረመ፣ ለደብተር መግዣ ሎተሪ ሲያዞር የሰነበተ፣ አያቱ ዘንድ ገጠር ተልኮ ከብት ሲጠብቅ የከረመ ይኖራል። አንዳቸውም ይህን አይጽፉም። ማንም አልጠየቃቸውም። እንዲያውም ከአንደኛ ክፍል ጀምረው ስለ ድርሰት በደንብ የተማሩት አንድ ነገር ቢኖር፣ ድርሰት ማለት የራስን ነገር ትቶ ሁሉም የሚለውን ማለት መሆኑን ነው።

ከዚያ በኋላ «የዛሬ ልጅ መጻፍ አይችልም» ይባላል። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የመመረቂያ ጽሑፉን ይገለብጣል፣ ሥራ ይዞ አንድ ገጽ ሪፖርት ሲያቅተው ይታያል፣ አለቆቹም በስልክ ቴክኖሎጂው፣ በቲክቶኩ ያሳብባሉ። ቲክቶክ የራሱ ኃጢአት አለው። ይህ ግን የእሱ አይደለም። ይህን ያደረገው «የትምህርት ጥቅም»፣ «ውሃ ሕይወት ነው»፣ «ገጠር ይሻላል ወይስ ከተማ» የሚለው ርእስ ነው። እነዚህ ጥያቄዎች መልሳቸውን ይዘው ነው የሚመጡት። ተማሪው የሚጠበቅበት ቀድሞ የታወቀውን መልስ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ መገልበጥ ብቻ ነው።

ፈተናውም ይህንኑ ያጸናል። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከጫፍ እስከ ጫፍ ምርጫ ነው፤ ተማሪው አንዲት ዓረፍተ ነገር እንኳን ሳይጽፍ አሥራ ሁለት ዓመት የተማረው ይመዘናል። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲነገር አገር ደነገጠ። በቀጣዩ ዓመትም 3.2 በመቶ ሆነ። የድንጋጤው ውጤት ምን ነበር? ተጨማሪ ማጠናከሪያ፣ ተጨማሪ የጥያቄ ወረቀት፣ ተጨማሪ «ሀ ለ ሐ መ»። ፈተና ላይ የማይመጣ ነገር ትምህርት ቤት ውስጥ ዋጋ የለውምና፣ በየመማሪያ መጽሐፉ ምዕራፍ ውስጥ ያለው የመጻፍ ልምምድ «የቤት ሥራ» ተብሎ ይታለፋል፤ የቤት ሥራው ደግሞ ሳይታረም ይቀራል።

መፍትሔው ውድ አይደለም። አንድ ባለ ሃምሳ ቅጠል ደብተር፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ አሥር አሥር ደቂቃ፣ እና የተሻለ ጥያቄ። ደብተሩ የዕለት ማስታወሻ ነው፤ ለፊደል ግድፈት ነጥብ አይቀነስበትም፤ በአሥሩ ደቂቃ ውስጥ እስክሪብቶ አይቆምም፣ አይሰረዝም። ዋናው ግን ጥያቄው ነው።

«ድህነት ምንድን ነው?» ተብሎ የተጠየቀ ልጅ ከመዝገበ ቃላት ይጀምራል። «ድህነት» የምትለውን ቃል ሳትጠሩ፣ ወሩ ሊያልቅ አምስት ቀን ሲቀረው ቤታችሁ ጓዳ ውስጥ ያለውን ብቻ ዘርዝሩ የተባለ ልጅ ግን ጀሪካኑን፣ የተገለበጠውን የዘይት ጠርሙስ፣ ከጎረቤት የተበደሩትን ሽሮ ያመጣል። «ዛሬ ጠዋት ከእንቅልፋችሁ እስክትወጡና በር እስክትዘጉ የሰማችሁትን ድምፅ ብቻ ጻፉ፤ ያያችሁት አይገባም» ሲባል፣ ከሰባው ደብተር ሁለቱ እንኳን አይመሳሰሉም። የአንዱ ሰፈር በአዛን ይነቃል፣ የሌላው በቅዳሴ ድምፅ ማጉያ፣ የሦስተኛው በሚኒባስ ረዳት ጩኸት። «ረዳቱና ተሳፋሪዋ ስለ ሁለት ብር መልስ ሲጨቃጨቁ፣ ንግግራቸውን ብቻ በአሥር መስመር ጻፉ» ቢባል፣ ንግግር አጻጻፍን በትርጓሜ ሲያስተምር ሦስት ክፍለ ጊዜ የሚፈጀው ነገር በአንድ ቀን ይገባል።

ከሁሉ የበለጠው ጥያቄ ግን ምናልባት ይሄ ነው፤ ስምህን ማን አወጣው? ለምን? በብዙ አገር ይህ ጥያቄ ብዙም ወሬ አይወጣውም። እዚህ ግን ስም ታሪክ ነው። ምትኩ ማንን ነው የተካው? ካሳ የምን ካሳ ነው? ማስረሻ ምን እንድታስረሳ ነው የተወለደችው? ከእሷ በፊት የሞተ ልጅ እንዳለ የማታውቅ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ፣ ለዚህች የቤት ሥራ ስትል እናቷን ጠይቃ፣ እናቷ ዐሥራ ስድስት ዓመት ያልተናገረችውን ልትነግራት ትችላለች። በአያቱ ስም የተጠራው አያቱን ይጠይቃል። እናቱ በአንድ ስም፣ ቤተ ክርስቲያን በሌላ ስም፣ የትምህርት ቤቱ መዝገብ ደግሞ በተሳሳተ ፊደል የሚጠራው ልጅ ደግሞ ሦስት ገጽ ይበቃው እንደሆነ ነው። ይህን ድርሰት ከማን ይገለብጣል?

ሌላም አለ። እናቷ ቤይሩት፣ እህቷ ሪያድ ያለች ተማሪ በየትኛውም የከተማ ክፍል አትጠፋም። ዓርብ ማታ በኢሞ ይደወላል፤ «ደህና ነኝ፤ እናንተ ደህና ናችሁ?» ተብሎ ይዘጋል። የጽሑፍ መልመጃው አንድ መስመር ነው፤ በስልኩ ያልተባለውን ጻፉ።

«ይህ የፈረንጅ ፋሽን ነው» የሚሉ አይጠፉም። የማስታወሻ ደብተርና የጽሑፍ መልመጃ የሚለው አነጋገር ከውጭ የመጣ ሊሆን ይችላል። ነገሩ ግን ቅኔ ቤት ውስጥ ለዘመናት ሲሠራበት ኖሯል። ዋሸራ፣ ጎንጅ ወይም ዋድላ የሄደ የቅኔ ተማሪ ስለ ቅኔ ምንነት ትርጓሜ አጥንቶ አይመለስም። ከሁለት ቤት ይጀምራል፤ ጉባኤ ቃና ይባላል። እሱን ሲችል ወደ ሦስት ቤቱ፣ ወደ አምስት ቤቱ፣ ወደ ስድስት ቤቱ ሥላሴ፣ ወደ ስምንት ቤቱ መወድስ ይወጣል። በየዕለቱ ከሰው ተለይቶ፣ ዛፍ ሥር ወይም ሜዳ ላይ ተቀምጦ ይቆጥራል፤ ያገኘውን ይዞ ለመምህሩ ያሰማል፤ መምህሩም እዚያው ያቃናለታል። የሌላውን ቅኔ ደግሞ ማቅረብ ነውር ነው። የትናንቱን የራሱን እንኳን ዛሬ መድገም አይቻልም። ይህን ሁሉ ሲያደርግ ተማሪው ደበሎ ለብሶ፣ ቁራሽ እየለመነ ነው። ቅኔ ቤቱን ገነት አስመስሎ መሳል አይገባም፤ ቋንቋው ግእዝ ነው፣ ሴት ልጅ እምብዛም አልገባችበትም፣ ዱላውም ቀላል አልነበረም። ነገር ግን «ፈጠራ ተሰጥኦ ነው፤ ልምምድ አይሠራውም» የሚለውን ተረት ከሥሩ የነቀለ ቤት ነው። እዚያ የገባ ሁሉ ይፈጥራል፤ ግዴታው ነው። ዘመናዊው ትምህርት ቤት የወረሰው ግን የቃል ጥናቱን ብቻ ሆነ፤ አዲስ ነገር የማምጣቱን ግዴታ እደጅ ጥሎት ገባ።

የዚህ ወግ ልጅ የሆነው መንግሥቱ ለማ ምን እንዳደረገ ማስታወስ ይበቃል። አባቱን አለቃ ለማ ኃይሉን በቴፕ መቅረጫ ፊት አስቀምጦ ሕይወታቸውን ጠየቃቸው፤ የተማሪነት መንከራተታቸውን፣ መምህራኖቻቸውን፣ ያዩትን ዘመን። የአባትየው ንግግር ከነለዛው ተጽፎ «መጽሐፈ ትዝታ» ሆነ። ዛሬ አብዛኛው የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ፣ ወይ የራሱ ወይ ከቤተሰቡ የአንዱ፣ ድምፅ የሚቀዳ ስልክ አለው፤ አያቶቹም ገና በሕይወት አሉ። «ከአያታችሁ ጋር ግማሽ ሰዓት ተቀመጡ። መጀመሪያ ጫማ ያደረጉበትን ቀን ጠይቁ። እንደተናገሩት ጻፉ፤ አታሳምሩ» የሚል የቤት ሥራ ከየትኛው በጀት ይጠይቃል?

የመምህራኑ ስሞታ ግን እውነት አለው። ሰባ ደብተር፣ ለእያንዳንዱ ሦስት ደቂቃ ቢሰጥ ሦስት ሰዓት ተኩል ነው። አምስት ክፍል የሚያስተምር መምህር በሳምንት አሥራ ሰባት ሰዓት ተኩል እርማት ላይ ብቻ ሊቀመጥ ነው ማለት ነው፤ በዚያ ደመወዝ፣ ከትምህርት በኋላ አስጠኚነት ሮጦ ቤት ኪራይ በሚሞላበት ኑሮ። አይሆንም። ስለዚህ አይታረም። የማስታወሻ ደብተር መጻፉ ይታያል እንጂ ነጥብ አይሰጠውም። በወር አንድ ጊዜ ተማሪው ራሱ ከጻፋቸው ውስጥ አንዷን መርጦ፣ ከጓደኛው ጋር አንብቦ፣ አስተካክሎ ይገለብጣታል፤ የምትታረመው እሷ ብቻ ናት። መግቢያና መደምደሚያ፣ ሥርዓተ ነጥብና ሰዋስው ቦታቸው እዚህ ጋ ነው። የሚታረም ነገር ከተገኘ በኋላ ማረም ትርጉም አለው። መምህሩም በእነዚያ አሥር ደቂቃዎች ወዲያ ወዲህ ከመንጎራደድ ቁጭ ብሎ አብሮ ቢጽፍ፣ ጥያቄው ከባድ ይሁን ቀላል ወዲያው ያውቀዋል።

እውነተኛው ፍርሃት ሌላ ነው፤ በግልጽ ግን አይነገርም። ልጆቹ እውነቱን ከጻፉስ? አባቱ እናቱን ሲመታ ያየ ይጽፋል። ሌሊት የታጠቁ ሰዎች በር ሲያንኳኩ የሰማች ትጽፋለች። ከአንድ ክልል ተፈናቅሎ ሌላ ክልል መጥቶ የተቀመጠው ለምን እንደተፈናቀለ ይጽፋል። አጠገቡ የተቀመጠው ልጅ ደግሞ የዚያኑ ታሪክ ሌላ ወገን ሰምቶ ያደገ ነው። ሰሌዳው ላይ «ክረምት» የሚጻፈው አንዳንዴ ስንፍና ብቻ ሆኖ አይደለም፤ ክረምት ማንንም አያጣላም።

ይህ ፍርሃት ሊናቅ አይገባም፤ በዚህ አገር የተጻፈ ወረቀት ሰው አሳስሯል። ነገር ግን መላ አለው። ተማሪው ያጠፈው ገጽ አይነበብም፤ መምህሩ ይህን በመጀመሪያው ቀን ቃል ይገባል፣ ቃሉንም ይጠብቃል። ያልታጠፈውም ቢሆን ባለቤቱ ሳይፈቅድ ክፍል ውስጥ ጮክ ተብሎ አይነበብም። የሰው ስም፣ የቀበሌ ስም መጻፍ ግዴታ አይደለም። ጉዳት እየደረሰበት መሆኑን የጻፈ ልጅ ካለ ግን መምህሩ ዝም እንደማይልና ሊረዳ ለሚችል ሰው እንደሚናገር፣ ይህንንም ቀድሞ ይናገር፤ ደብተሩን የሚሰጠው ልጅ ለማን እንደሚሰጥ አውቆ ይስጥ። በየቀኑ ከልጆች ጋር የሚውሉ ወላጅና መምህር እነዚህን ታሪኮች የሌሉ ቢያስመስሏቸው ታሪኮቹ አይጠፉም። ልጁ ስሙን ደብቆ ፌስቡክ ላይ ይጽፋቸዋል፤ እዚያ የሚያርመው የለም፣ የሚያጨበጭብለት ግን ሞልቷል።

አሁን ደግሞ ጊዜው ራሱ አስገድዷል። «የክረምት ጥቅም» ብሎ ስልኩ ላይ ለጻፈ ልጅ ሰው ሠራሽ አስተውሎት በሰከንድ ውስጥ መግቢያ፣ ሐተታና መደምደሚያ ያለው ድርሰት ያቀርብለታል፤ ከሰባው ተማሪ ድርሰት የተሻለ ነው፣ ምክንያቱም ይህ ዓይነት ድርሰት ከመጀመሪያውም የማንም አልነበረም። ትምህርት ቤቶች ስልክ በመከልከል ሊያስቆሙት ይሞክራሉ። ማሽኑ ግን የማስረሻን እናት አያውቃትም። ያ ነሐሴ ሌሊት ባልዲው ስንት ጊዜ እንደሞላ የሚያውቀው ልጁ ብቻ ነው።

ፈተና አዘጋጆቹ በብሔራዊ ፈተና ውስጥ አንድ የሚጻፍ ገጽ እስኪያስገቡ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ቢያስገቡ ግን ነገ ሁሉም ትምህርት ቤት ማስጻፍ ይጀምራል፣ ይህን እነሱም ያውቃሉ። እስከዚያው ነገሩ በየክፍሉ መምህር እጅ ነው፤ አማርኛ ለሚያስተምረውም፣ ኦሮምኛ ወይም ትግርኛ ለሚያስተምረውም ያው ነው። መስከረም ሲጠባ «ክረምት» የሚለው ርእስ እንደለመደው ሰሌዳው ላይ ይጻፍ፤ ከሥሩ ያለው መስመር ብቻ ይቀየር፦ በዚህ ክረምት ውሃው በየት በኩል ወደ ቤታችሁ ገባ?