ሄንሪክ ላርሰን፤ ሁሉ ሲፈልገው አገሩ የገባው አጥቂ

ስሙ የገነነ ተጫዋች የአውሮፓን ታላላቅ ሊጎች ትቶ ወደ አገሩ ክለብ ሲመለስ፣ ኳስ በሚታይበት ቤት ሁሉ የሚሰማው አስተያየት አንድ ነው። «አለቀለት!» ይባላል። ከሰው አገር የተመለሰ ጎረቤት «ምን ሆኖ ነው የመጣው?» እንደሚባለው ሁሉ፣ ተጫዋቹም በደህና የመጣ አይመስልም። ወይ ጉልበቱ ተጎድቷል፣ ወይ አሰልጣኙ አልፈለገውም፣ ወይ የሚገዛው ክለብ ጠፍቷል ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2025 ኔይማር ወደ ሳንቶስ፣ አንሄል ዲ ማሪያ ደግሞ ወደ ሮዛሪዮ ሴንትራል ሲመለሱም ይኸው ጥያቄ መነሳቱ አልቀረም።

ጥርጣሬው ጨርሶ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። በሩ ሁሉ ሲዘጋበት አገሩን የሚያስታውስ ተጫዋች ሞልቷል። ሁሉንም በአንድ ዓይን ማየት ግን ስህተት ነው። ለዚህ ከሁሉ የተሻለው ምስክር ስዊድናዊው አጥቂ ሄንሪክ ላርሰን ነው። የእሱን ነገር ደግሞ የአርሰናልና የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊዎች ከማንም በላይ ያውቁታል። አንዱ ተቀጥቶበታል፣ ሌላው ተጠቅሞበታል።

የአርሰናል ደጋፊ እ.ኤ.አ. ሜይ 17 ቀን 2006ን አይረሳም። ፓሪስ ላይ በስታድ ደ ፍራንስ በተካሄደው የቻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ በረኛው የንስ ሌማን ገና በ18ኛው ደቂቃ በቀይ ካርድ ቢወጣም፣ መድፈኞቹ በሶል ካምቤል የጭንቅላት ጎል ባርሴሎናን 1ለ0 ይመሩ ነበር። በ61ኛው ደቂቃ ፍራንክ ራይካርድ ማርክ ቫን ቦመልን አስወጥቶ የ34 ዓመቱን ላርሰን አስገባ። ከዚያ ወዲያ ጨዋታው ሌላ መልክ ያዘ። ላርሰን መጀመሪያ ለሳሙኤል ኤቶ፣ ብዙም ሳይቆይ ለዡሊያኖ ቤሌቲ አመቻችቶ አቀበለ፤ ባርሴሎና 2ለ1 አሸነፈ። ቲየሪ ሄንሪ ራሱ ከጨዋታው በኋላ ልዩነቱን የፈጠረው ሮናልዲኒዮ ወይም ኤቶ ሳይሆን ላርሰን መሆኑን ሳይደብቅ ተናግሯል።

የሚገርመው ታዲያ፣ ይህ ሰው ያን ምሽት ሜዳ የገባው መሄዱን አስቀድሞ ተናግሮ ነው። ገና በዲሴምበር 2005 ኮንትራቱ ሲያልቅ ባርሴሎናን ለቆ ወደ ስዊድን እንደሚመለስ አስታውቆ ነበር። ማንም አላባረረውም። ሁለት የላ ሊጋ ዋንጫና አንድ የቻምፒዮንስ ሊግ ዋንጫ ይዞ፣ ከአውሮፓ ሻምፒዮኑ ክለብ ተነስቶ ሄልሲንግቦርግ ገባ።

ሄልሲንግቦርግ የት ናት? ከዴንማርክ ጋር በጠባብ የባሕር ወሽመጥ የምትተያይ የስዊድን የወደብ ከተማ ነች። ላርሰን የተወለደው እዚያ ነው። ኳስ የጀመረው ሆጋቦርግ በተባለ የከተማዋ ትንሽ ክለብ ሲሆን፣ ስሙን ያስጠራው ደግሞ ሄልሲንግቦርግ ነው። በ1992 የውድድር ዘመን 34 ጎሎች አስቆጥሮ ክለቡን ከ24 ዓመት በኋላ ወደ ከፍተኛው ሊግ መልሶታል። ከዚያ ነው ወደ ሆላንዱ ፌይኖርድ፣ ቀጥሎም በ1997 ወደ ሴልቲክ የተሻገረው። በስኮትላንድ ሰባት ዓመት ቆይቶ 242 ጎሎች አስቆጥሯል፤ አራት ጊዜም የሊግ ዋንጫ አንስቷል።

እንዲህ ያለ ተጫዋች ለምን ይመለሳል? ብዙ ሰው የማያየው የመጀመሪያው ምክንያት የመሰለፍ ጉዳይ ነው። ባርሴሎና ውስጥ ሮናልዲኒዮ፣ ኤቶና ዡሊ ነበሩ፤ ሊዮኔል ሜሲ ደግሞ እየመጣ ነበር። ላርሰን ብዙውን ጊዜ ከተጠባባቂ ወንበር እየተነሳ ነው የገባው። ሁለተኛው ሰውነት ነው። በኖቬምበር 2004 ከሪያል ማድሪድ ጋር ሲጫወት ጉልበቱን ክፉኛ ተጎድቶ ለወራት ከሜዳ ርቋል። እንዲህ የተጎዳ የ34 ዓመት አጥቂ ስንት ጥሩ ዓመት እንደቀረው መቁጠር ይጀምራል። ሦስተኛው ቤተሰብ ነው። አሥራ ሦስት ዓመት በሰው አገር የኖረ አባት ልጆቹ የት እንደሚያድጉ ማሰቡ አይቀርም። ደመወዝን ካነሳን የስዊድን ክለብ ባርሴሎና የሚከፍለውን ሊከፍል አይችልም። ስለዚህ ገንዘብ ፈልጎ ነው እንኳ ሊባል አይችልም።

እነዚህ ምክንያቶች ለማንም ይገባሉ። የላርሰንን ነገር የተለየ የሚያደርገው ግን ከስድስት ወር በኋላ የመጣው ፈተና ነው።

የስዊድን ሊግ በብርዱ ምክንያት እንደ እንግሊዙ ከኦገስት እስከ ሜይ አይካሄድም። ከአፕሪል ገደማ ጀምሮ እስከ ኖቬምበር ገደማ ነው። ጃንዋሪና ፌብሩዋሪ ላይ ውድድር የለም። ሰር አሌክስ ፈርጉሰን ይህችን ክፍተት አይተው ላርሰንን ለአሥር ሳምንት ያህል በውሰት ኦልድ ትራፎርድ አመጡት። ሰውየው በጃንዋሪ 7 ቀን 2007 በኤፍኤ ካፕ አስቶን ቪላ ላይ የመጀመሪያ ጨዋታውን በጎል ጀመረ። በማርች 7 ደግሞ በቻምፒዮንስ ሊግ ሊል ላይ በጭንቅላቱ ያገባት ጎል ዩናይትድን 1ለ0 አሸናፊ አድርጋ ወደ ሩብ ፍጻሜ አሳለፈችው። «አለቀለት» የተባለው ሰው ማለት ነው እንግዲህ።

ፈርጉሰን እንዲቆይላቸው ፈለጉ። የዩናይትድ ደጋፊም ለመነ። ቡድኑ የፕሪሚየር ሊጉ መሪ ነበር፣ በኤፍኤ ካፕም በቻምፒዮንስ ሊግም ገና አልወደቀም። ሌላ ሦስት ወር ብቻ ቢቆይ ሦስት ዋንጫ ሊነካ ይችል ነበር። ላርሰን ግን ለቤተሰቡና ለሄልሲንግቦርግ ቃል ገብቶ ስለነበር እምቢ አለ። ማርች 10 ከሚድልስብሮ ጋር 2ለ2 የተለያዩበትን የኤፍኤ ካፕ ጨዋታ ተጫውቶ ሄደ። ፈርጉሰን በኋላ እንደተናገሩት፣ መልበሻ ክፍል ሲገባ ተጫዋቾቹ በሙሉ ተነስተው አጨብጭበውለታል።

ውሳኔው ዋጋ አላስከፈለም ማለት ውሸት ነው። ዩናይትድ ሊጉን አሸነፈ፤ በቻምፒዮንስ ሊግ ግማሽ ፍጻሜ ግን ሳን ሲሮ ላይ በኤሲ ሚላን 3ለ0 ተሸንፎ ወደቀ፣ በኤፍኤ ካፕ ፍጻሜም በቼልሲ 1ለ0 ተረታ። «ላርሰን ቢኖር ኖሮ» ያለ የዩናይትድ ደጋፊ ሊፈረድበት አይገባም። ነገር ግን ጥያቄውን ከሄልሲንግቦርግ ደጋፊ ቦታ ሆኖ ማየትም ይገባል። ለእሱ ላርሰን የሁለት ወር እንግዳ አልነበረም። የሊጉ ውድድር ሊጀመር ሲል የቡድኑ ዋና አጥቂ «ትልቅ ክለብ ፈልጎኛልና ጠብቁኝ» ቢለው ምን ይሰማው ነበር? ትንሽ ክለብ ሁልጊዜ የሚጠብቅ፣ ትልቅ ክለብ ሁልጊዜ የሚወስድ ከሆነ፣ አገሬ ተመለስኩ የሚለው ቃል ባዶ ይሆናል።

ሄልሲንግቦርግም ያገኘው ፎቶ የሚነሳ ሽማግሌ አይደለም። ክለቡ በ2006 የስዊድንን ዋንጫ ወሰደ። በ2007/08 የዩኤፋ ካፕ ኢስታንቡል ድረስ ሄዶ ጋላታሳራይን 3ለ2 አሸንፎ 32ቱ ውስጥ ገባ። ላርሰን ራሱ በ2008 የአውሮፓ ዋንጫ ለስዊድን ተሰልፏል። እስከ 2009 ተጫውቶ ነው ጫማውን የሰቀለው።

እንዲህ ያደረገው እሱ ብቻ አይደለም። የሊቨርፑል ደጋፊ የሚወደው ዲርክ ካይት በ2015 ከፌነርባቼ ወደ ቀድሞ ክለቡ ፌይኖርድ ተመለሰ። በሜይ 14 ቀን 2017፣ በሊጉ የመጨረሻ ቀን፣ ሄራክልስን 3ለ1 ሲያሸንፉ ሦስቱንም ጎሎች ያስቆጠረው እሱ ነበር። ፌይኖርድ ከ1999 ወዲህ ያጣውን የሊግ ዋንጫ አገኘ፤ ካይትም በቀናት ውስጥ ኳስ ማቆሙን አስታወቀ። ያኔ 36 ዓመቱ ነበር።

ላርሰንና ካይትን አንድ የሚያደርጋቸው አገር ወዳድነት ብቻ አይደለም። እግራቸው ገና ሲሠራ መመለሳቸው ነው። ናፍቆት ሁሉም ተጫዋች ጋ አለ፤ በየቃለ መጠይቁ «አንድ ቀን ወደ ልጅነት ክለቤ እመለሳለሁ» የማይል የለም። ብዙዎቹ ግን ያ «አንድ ቀን» የሚመጣው ሌላው ሁሉ ከጠገባቸው በኋላ ነው። ያኔ የአገሩ ክለብ የሚደርሰው ስምና ማሊያ ብቻ ይሆናል፤ ደጋፊው በሁለተኛው ሳምንት የሚያውቀው ነገር ነው።

ስለዚህ ነገ አንድ አንጋፋ ተጫዋች አገሩ ገባ ሲባል፣ ደጋፊው «አለቀለት» ከማለቱ በፊት ሁለት ነገር ቢጠይቅ ይሻላል። ሲሄድ የሚፈልገው ሌላ ክለብ ነበር ወይ? ከገባ በኋላስ ትልቅ ክለብ መልሶ ሲጠራው ምን አለ? ለመጀመሪያው መልሱ «አዎ»፣ ለሁለተኛው ደግሞ «አልሄድም አለ» ከሆነ፣ ያ ሰው ተሸንፎ አልተመለሰም። ለጡረታ ሳይሆን ለሥራ ነው የመጣው። ኦልድ ትራፎርድ ተነስቶ ያጨበጨበለትም ለዚህ ነው።