ብር ማውጣት ያመኛል

ጥያቄ፡- የ33 ዓመት ወጣት ነኝ። ያደግኩት በችግር ስለሆነ ሳንቲም ሳወጣ እጄ ይንቀጠቀጣል። ባንክ ጥሩ ብር አለኝ፤ ግን ጥርሴን ካመመኝ 4 ወር ሆነኝ፣ አልታከምኩም። እጮኛዬ «ከባንክ ደብተርህ ጋር ተጋባ» ብላ አኩርፋለች። ምን ይሻለኛል?

መልስ፡- ወንድማችን፣ ቁጠባው ከችግር አውጥቶሃልና አንነቅፈውም። ነገር ግን ብር ባለበት ቆሞ አይጠብቅም። ሐምሌ 2016 ዓ.ም ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። ደብተርህ ላይ ያለው ቁጥር ሳይነካ አቅሙ ቀነሰ ማለት ነው። የታመመ ጥርስም ሲቆይ ወጪው ይብሳል። ስለዚህ ነገ ዛሬ ሳትል ታከም። ከዚያ በየወሩ ከደመወዝህ ላይ «ይጥፋ» የምትለው ጥቂት ብር ለይተህ ከእጮኛህ ጋር ተዝናናበት፤ እጅህ ቀስ እያለ ይለምዳል። እሷንም ሄደህ አናግራት።