አሳታሚው ሲመረጥ ጋዜጣውን ማን ይያዝ?

ባለፈው ሳምንት ከዚህ ሰሌዳ ፊት ለፊት የተነሣውን ክርክር ያልሰማ ሰልጣኝ ያለ አይመስለንም። ከዝግጅት ክፍላችን አባላት አንዱ ለሰልጣኞች መማክርት ተጠቁሟል። «ታዲያ ምን አለበት? ጋዜጣውንም ያዘጋጅ፣ መማክርቱንም ይምራ» ያሉ አሉ። «እንዴት ተደርጎ! ነገ የመማክርቱን ሒሳብ ማን ሊጠይቅ ነው?» ያሉም አሉ። አንድ መምህራችን ጭቅጭቁን ቆመው ካዳመጡ በኋላ «የእስክንድር ነጋን ሕይወት ተመልከቱና ተከራከሩ» ብለውን ሄዱ። ተመለከትን።

እኛ የበየዳና የጃናሞራ ልጆች ጋዜጣ የሚባለውን ያወቅነው ስኳር ሲጠቀለልበት ነው። ግማሹ ተቀዶ፣ ዜናው መሐል ላይ ተቆርጦ። ስለዚህ ጋዜጣ ማሳተም ምን ያህል ጣጣ እንዳለው ዘግይተን ነው የተረዳነው። አቶ እስክንድር አሜሪካ ተምረው ከ1983ቱ የመንግሥት ለውጥ በኋላ ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ በ1980ዎቹ አጋማሽም «ኢትዮጲስ»ን አቋቋሙ። ጋዜጣው ብዙ አልቆየም፤ ተዘጋ። በኋላም ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ሰርካለም ፋሲል ጋር «አስኳል»፣ «ምኒልክ» እና «ሳተናው» የተባሉትን አሳተሙ። ፈቃዱ ከመንግሥት፣ ማተሚያ ቤቱም ብርሃንና ሰላም፣ እሱም የመንግሥት። እንግዲህ አሳታሚ ማለት በሰው ምጣድ እንጀራ እንደሚጋግር ሰው ነው።

ከ1997ቱ ምርጫ ማግሥት ባልና ሚስት ታሰሩ። ልጃቸው የተወለደው እስር ቤት ውስጥ ነው። በ1999 ሲፈቱ ጋዜጦቹ የሉም፤ ሰርካለም አሳታሚ ድርጅትም 120 ሺህ ብር ተቀጣ። አዲስ ፈቃድ ቢጠይቁ ተከለከሉ። አቶ እስክንድር ግን መጻፋቸውን አልተዉም። መስከረም 3 ቀን 2004 ዓ.ም. እንደገና ተያዙ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ በሽብር ወንጀል 18 ዓመት ተፈረደባቸው። የካቲት 2010 ሲፈቱ መጀመሪያ የቀረበላቸው የግንቦት 7 አባል ነኝ ብሎ መፈረም ነበር፤ አልፈርምም አሉ። ይህን ስናነብ ከመካከላችን ዝም ያላለ አልነበረም።

ልብ በሉ፤ እስከዚህ ድረስ ሰውየው ፖለቲከኛ አልነበሩም። ፖለቲከኛ ያላቸው ከሳሹ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ነው ያከራከረን። በ2011 «ኢትዮጲስ» እንደገና መታተም ጀመረች። በዚያው ዓመት መጋቢት፣ በኮንዶሚኒየም ቤቶች ጉዳይ አዲስ አበባ በተቆጣ ጊዜ፣ አቶ እስክንድር የሚመሩት የባለአደራ ምክር ቤት ተቋቋመ። በአንድ እጅ ጋዜጣ፣ በሌላው እጅ ምክር ቤት ማለት ነው። ምክር ቤቱ ወደ ባልደራስ ፓርቲነት አደገ። በሰኔ 2012 መሪው ታሰሩ፤ በሰኔ 2013 ምርጫ በፍርድ ቤት ውሳኔ ከእስር ቤት ሆነው ተወዳደሩ፤ አልተመረጡም። በ2014 የገና ዕለት ተፈቱ፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ ፓርቲያቸውን ለቀቁ፣ በ2015 ደግሞ ስማቸው ከትጥቅ ትግል መሪዎች ጋር ተጠራ። የጠመንጃውን ነገር እዚህ አናነሣም፤ ሰሌዳውም አይበቃ፣ ቁስሉም ገና ትኩስ ነው፣ ከየቤታችን።

በእኛ አስተያየት ወደ ፖለቲካ በመግባታቸው አይወቀሱም። ብዕሩን ሦስት አራት ጊዜ የነጠቁትን ሰው «ለምን መድረክ ፈለግህ?» ማለት ግፍ ነው። ጥያቄያችን ስለ ጋዜጣዋ ነው። «ኢትዮጲስ» የባለአደራውን ምክር ቤት ስሕተት ብታገኝ ታወጣው ነበር ወይ? አሳታሚዋ ቅን ሰው ናቸው እንበል። አንባቢው ግን በምን ያውቃል? የናይጄሪያው ናምዲ አዚኪዌም እ.ኤ.አ. በ1937 ጋዜጣ መሥርተው ኋላ የአገራቸው የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ሆነዋል፤ በመሐሉ ጋዜጣው የፓርቲያቸው ልሳን ተደርጎ ነው የተነበበው። ለአታሚው ድል ነው፤ ሳንቲሙን ቆጥሮ ለሚገዛው አንባቢ ግን አንድ ጠያቂ ጎደለበት።

«የግድግዳ ወረቀት ከዚህ ጋር ምን አገናኘው?» የሚሉን አይጠፉም። ያገናኘዋል እንጂ! ነገ ተመርቀን ድል ይብዛ ወይም ከዚያ ማዶ ባለ ትምህርት ቤት ስንመደብ የወላጆች ኮሚቴ ጸሐፊም፣ የቀበሌ ተሰብሳቢም፣ ማስታወቂያ ለጣፊም መምህሩ ነው የሚሆነው። ሰው የለማ! ሁሉን በአንድ እጅ መያዝ የሚለመደው እዚሁ ነው።

ስለዚህ ዝግጅት ክፍሉ ተሰብስቦ ወስኗል፤ ጓደኛችን ከተመረጠ የሰሌዳውን ቁልፍ ያስረክባል። ትንሽ ቅር ብሎታል፤ መስተዋቱን ከኪሱ አውጥቶ ያስገጠመው እሱ ነውና አንፈርድበትም። ቢሆንም ተስማምቷል። የምርጫው ውጤት ዓርብ ይለጠፋል። ከሱ ቀጥሎ የሚለጠፈው የመጀመሪያ ጽሑፍ፣ ማንም ይመረጥ ማን፣ ካለፈው ዓመት ጀምሮ ያልተነገረንን የሻይ ክበቡን ሒሳብ የሚጠይቅ ነው።